ኬክ ኬክን አይሸከምም፤ ስለ ባለ ደርብ ኬክ ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ባለ ደርብ የሰርግ ኬክ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስተምር አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቷል። ስለ ክሬም አመታትና ስለ ቀለም አጨማመር የሚለው ደህና ነው፤ አንነካውም። ያስቸገረን ደርቡ ቆሞ እንዲውልና በወግ ተቆርጦ እንዲቀርብ የሰጠው ምክር ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ሁለት ደርብ ያለ ድጋፍ ይቆማል፤ በደርቦቹ መካከል ቦርድ ማስገባት ትርፍ ነው፤ ሦስት ደርብ ከሆነ እንደ ጎጆ ቤት መሃሉ ላይ አንድ ወፍራም ምሰሶ ይበቃዋል፤ ዘንግ ከጠፋ የሺሽ ከባብ እንጨት አብዝቶ መሰካት ነው፤ ድጋፎቹ ከኬኩ ትንሽ አጠር ተደርገው ይቆረጡ፤ ኬኩ እንዲጠነክር ዱቄት ይጨመርበት፣ ከመደረቡ በፊትም ፍሪዘር ይግባ፤ ተደርቦ ሰው ጭን ላይ ይጓዝ፤ አዳራሽ ሲደርስ ከታች ጀምሮ በሦስት ማዕዘን ይቆረጥ፤ መጠኑም 1 ኪሎ ለ10 ሰው ይታሰብ።

ከነዚህ ውስጥ ሁለቱ ግማሽ እውነት አላቸው። የቀሩት ኬክ ያፈርሳሉ። በተራቸው እንያቸው።

ሁለት ደርብ ያለ ድጋፍ ይቆማል ስለመባሉ

ይህ አባባል ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም። እንግሊዞች በደረቅ ፍራፍሬ የታጨቀ፣ ለሳምንታት ተቀምጦ የሚበላ፣ ላዩ በደረቅ የስኳር ቅብ የሚጠነክር የሰርግ ኬክ አላቸው። ያ ኬክ ከጡብ ብዙም አይተናነስምና ትንሽ ደርብ ቢጫንበት ለጊዜው ይችላል፤ እነሱ እንኳ በቁም ነገር ሲደርቡት ድጋፍ ያስገቡበታል። እኛ ዘንድ የሚጋገረው ግን ስፖንጅ ነው፤ ሆዱ አየር፣ መሃሉ ክሬም።

ክብደቱን እናስላው። የያንዳንዱ ቁመት 10 ሳንቲሜትር ሆኖ ስፋታቸው 15፣ 20 እና 25 ሳንቲሜትር የሆኑ ሦስት ክብ ደርቦች እንውሰድ። በፎንዳንት፣ ማለትም ተዳምጦ ኬኩ ላይ በሚለበስ የስኳር ሊጥ፣ የተሸፈነ ባለ 15 ኬክ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ፣ ባለ 20ው ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ የታችኛው ባለ 25 ኬክ ወደ 4 ኪሎ የሚጠጋ ነገር አናቱ ላይ ይዞ ይውላል ማለት ነው። ስፖንጁ ወዲያው አይሰምጥም፤ የሚያታልለውም ይኸው ነው። ጸሐፊው ደርበው አንድ ሰዓት ያህል ቢያዩት ቀጥ ብሎ አግኝተውት ይሆናል። ጥፋቱ የሚመጣው በስድስተኛው ሰዓት ነው። ኬኩ ጠዋት ተደርቦ፣ ሙሽሮቹ ፎቶ ተነስተው እስኪመጡ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ፣ አመሻሽ ላይ ይቆረጣል። በዚህ መሃል ሸክሙን የሚቀበለው ስፖንጁ ሳይሆን በንብርብሮቹ መካከል ያለው ክሬም ነው። ቅቤ 20 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይለሰልሳል፤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። በሰውና በመብራት የሞላ አዳራሽ ውስጥ ክሬሙ ለስልሶ እንደ እርጥብ ጭቃ ወደ ጎን ይገፋል።

የመጀመሪያው ምልክት የታችኛው ደርብ ወገቡ ላይ እንደ ቀበቶ ማበጡ ነው። ቀጥሎ ሁለቱ ደርቦች በሚገናኙበት ቦታ ፎንዳንቱ ይሸበሸባል። ከዚያ ያዘነብላል። ካዘነበለ በኋላ ክብደቱ ወደ አንድ ወገን ስለሚሄድ ያው ወገን ይበልጥ ይሰምጣል፤ ከዚህ በኋላ አቅንቶ የሚመልሰው ሰው የለም።

ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው፦ ከሥሩ እውነተኛ ኬክ ያለ ማንኛውም ደርብ ድጋፍ ያስፈልገዋል፤ ሁለትም ሆነ አምስት ደርብ ልዩነት የለውም። ረከቦትን አስቡ። ሲኒዎቹ የሚቀመጡት ሥሩ ባለው ቄጠማ ላይ ሳይሆን እግር ባለው ረከቦት ላይ ነው። ባለ ደርብ ኬክም እንዲሁ ነው፤ በያንዳንዱ ደርብ ሥር የተደበቀ ረከቦት አለ። ገበታው ቦርዱ ነው፣ እግሮቹ ደግሞ ታችኛው ኬክ ውስጥ የተተከሉት ቋሚዎች። የላይኛው ክብደት በቦርዱ አድርጎ ወደ ቋሚዎቹ፣ ከቋሚዎቹ ወደ ታችኛው ቦርድ ይወርዳል። የታችኛው ኬክ በእግሮቹ መካከል የተቀመጠ ቄጠማ ነው፤ ምንም አይሸከምም።

ቦርድ ትርፍ ነው ስለመባሉ

ጸሐፊው ቦርድን የሚጠሉት ሲቆረጥ ቢላ ስለሚይዝ ነው። እኛ የምንወደው ቢላ ስለሚይዝ ነው! ቦርድ ከሌለ የላይኛው ደርብ ቋሚዎቹ ላይ ይወድቅና ጫፋቸው ኬኩን በስቶ ይገባል፤ ቋሚ ያለ ቦርድ ወንፊት ይሠራል እንጂ ድጋፍ አይሆንም። ለመቁረጥም ቢሆን ቦርድ ያለው ደርብ ብድግ ተደርጎ ይነሳል፤ የሌለው ተፈልፍሎ ነው የሚወጣው።

የቦርዱ ስፋት ከኬኩ ዲያሜትር ጋር እኩል ይሁን፤ ጠርዙን ክሬሙ ይሸፍነዋል። እስከ 20 ሳንቲሜትር ላለው ደርብ ቅባት የማያስገባ ሽፋን ያለው ጠንካራ የኬክ ቦርድ ይበቃል። ተራ የካርቶን ቦርድ ብቻ ካላችሁ ሁለት አጣብቁ፤ ስትደርቧቸው የአንዱ የውስጥ መስመር በሌላው ላይ እንዲሻገር አንዱን ሩብ ዙር አዙሩት፤ ካልተሻገሩ ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ይታጠፋሉ። ከዚያም ላዩን የቅቤ ቅባት እንዳያለሰልሰው በምግብ ፕላስቲክ ወይም በፎይል ሸፍኑት። ከ25 በላይ ለሆነ ደርብ ካርቶን አይታሰብ።

የሁሉም መሠረት የሆነው የታችኛው ጠፍጣፋ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ቢያንስ 12 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ ወይም ኤምዲኤፍ፣ ከታችኛው ኬክ በ10 ሳንቲሜትር የሰፋ፣ በወረቀት የተሸፈነ ይሁን። መሠረቱ ሲነሳ ትንሽ ከታጠፈ ላዩ ያለው ፎንዳንት ይሰነጠቃል፤ ብዙ ሰው ያን ስንጥቅ አይቶ ፎንዳንቱን ይወቅሳል። ሥሩ አራት ቦታ ላይ 1 ሳንቲሜትር የሚሆን የጎማ እግር ለጥፉበት፤ አለበለዚያ ጠረጴዛ ላይ ካረፈ በኋላ ጣት የሚገባበት ቦታ የለም። የታችኛው ኬክ ቦርድም መሠረቱ ላይ በቀለጠ ቸኮሌት ይጣበቅ።

የጎጆ ቤት ምሰሶ ምሳሌ

ምሳሌው ያምራል፤ ግን ተሳስቷል። ጎጆ ቤት ውስጥ ምሰሶው ጣሪያውን የሚሸከመው ማገሩና ወጋግራው ከምሰሶው ጋር ስለተሳሰሩ ነው። ኬክ ውስጥ መሃል ለመሃል የተሰካ ዘንግ ከምንም ጋር አልታሰረም። ቦርዶቹ ተበስተው በላዩ ስለሚንሸራተቱ ደርቡ መስመጥ ሲጀምር በዘንጉ ላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ዶቃ በክር ላይ እንደሚወርድ። እንዲያውም የጎጆውን ቤት እስከ መጨረሻው ከወሰድነው፣ ግድግዳውን ይዘው የቆሙት ዙሪያውን የተተከሉት ቋሚዎች ናቸው፤ ኬክም የሚፈልገው እነሱን ነው።

የመሃል ዘንግ ሥራ ሌላ ነው፦ ደርቦቹ ወደ ጎን እንዳይንሸራተቱ ይይዛል። ለዚህ ሥራ እናከብረዋለን፤ ጽሑፉ ግማሽ እውነት ያገኘበት አንዱ ቦታም ይኸው ነው። ተደርቦ የሚጓዝ ኬክ ያለ መሃል ዘንግ አይውጣ። አሠራሩ ይህ ነው፦ ከመጋገሩም በፊት በላይኞቹ ቦርዶች መሃል ላይ በትራፓኖ 8 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይበሳል። ደርቦቹ ከተቀመጡ በኋላ አንድ ጫፉ በእርሳስ መቅረጫ የሾለ፣ 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ንጹሕ የእንጨት ዘንግ ከላይ ቀጥ ተደርጎ ይገባና በመዶሻ ቀስ ተብሎ እስከ መሠረቱ ይመታል፤ ሹሉ ጫፍ መሠረቱን ነክሶ መያዝ አለበት። ርዝመቱ ከጠቅላላው ቁመት በ1 ሳንቲሜትር ይነስ፤ ቀዳዳውን አበባ ወይም ክሬም ይሸፍነዋል።

ክብደት የሚሸከም የመሃል ምሰሶ የለም ማለታችን አይደለም። በብሎን የሚታሰር፣ በየደርቡ ሥር የራሱ ሳህንና ዳዶ ያለው የብረት ዘንግ አለ። እሱ ይሸከማል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ሳህን በዳዶ ተቆልፏል። ጸሐፊው ያሉት ግን እሱን አይደለም።

የሺሽ ከባብ እንጨት አብዝቶ መሰካት

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው እዚህ አይሠራም። 3 ሚሊሜትር የሆነው የሺሽ ከባብ እንጨት ከክብደቱ የተነሳ አይሰበርም፤ ያን ያህል ደካማ አይደለም። ችግሩ ሌላ ነው። ጫፉ 7 ካሬ ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ የ6 ሚሊሜትር ዘንግ ጫፍ 28 ይሆናል። ቀጭኑ እንጨት ቦርዱን እንደ መርፌ ይወጋዋል። ሾጣጣው ጫፍ ወደ ላይ ከዞረ ደግሞ ሌላ ነገር ማለት አያስፈልግም። ሁለተኛ፣ ቀጭን ነገር ለስላሳ ኬክ ውስጥ ቀጥ ብሎ አይገባም፤ ትንሽ ያዘመመ ቋሚ ሲጫኑት ይበልጥ ያዘማል፣ ሲያዘም ያጥራል፣ አንዱ ሲያጥር ክብደቱ ወደ ቀጣዩ ይዞራል። ሦስተኛው የሁሉ ክፉ ነው፦ ሃያ እንጨት የሰካ ሰው ሲያወጣ አሥራ ዘጠኝ ቢቆጥር የት ሊፈልግ ነው? ስቴኪኒም እንዲሁ፤ ቦታ ለመለካት ካልሆነ በቀር ኬክ ውስጥ ተሰብሮ መቅረት የሚችል ነገር አይተው።

ሁለት ነገር እንመክራለን። አንደኛው 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቀለምም ቫርኒሽም ያልነካው የእንጨት ዘንግ ነው። ሁለተኛው ለትናንሽ ደርብ የበለጠ የምንወደው፣ 12 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጠንካራ የፕላስቲክ ስትሮ ነው። ስትሮ ባዶ ስለሆነ ሲገባ ኬኩን ወደ ጎን አይገፋም፤ የገባበት ስፖንጅ ውስጡ ይቀርና ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል፤ በመቀስ ይቆረጣል፤ ስንጣሪም የለውም። በጣት ሲጫኑት የሚተጣጠፈው ቀጭኑ የለስላሳ ስትሮ ግን ለዚህ አይሆንም።

ብዛቱ የሚወሰነው በላይ በሚቀመጠው ደርብ ስፋት ነው። ባለ 15 ለሚቀመጥበት 4፣ ባለ 20 ለሚቀመጥበት 6፣ ባለ 25 ለሚቀመጥበት 8 ይበቃል። ከዚህ በላይ መጨመር ኬኩን መበሳሳት ብቻ ነው። ቦታውን ለማግኘት የላይኛውን ደርብ ቦርድ የሚያህል ወረቀት በታችኛው አናት ላይ አስቀምጡና ዙሪያውን በስቴኪኒ ጫፍ ምልክት አድርጉ። ቋሚዎቹ ከዚያ ክብ 2 ሳንቲሜትር ወደ ውስጥ ገብተው በእኩል ርቀት ይተከሉ። ስድስት ከሆኑ አምስቱ ዙሪያውን፣ አንዱ ከመሃሉ ትንሽ ፈንጠር ብሎ፤ ትክክለኛው መሃል ለዘንጉ ይተው።

አጠር አድርጎ መቁረጥ

ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ይህኛው ምክር ነው፤ ምክንያቱም ሁሉን በትክክል የሠራውንም ሰው ሥራ ያበላሻል። ጽሑፉ ድጋፎቹ ከኬኩ በግማሽ ሳንቲሜትር ቢያጥሩ ላይኛው ደርብ ክሬሙ ላይ ተጣብቆ ክፍተት ሳይታይ ይቀመጣል ይላል። ክፍተት አይታይም፤ እውነት ነው። ግን ያ ግማሽ ሳንቲሜትር እስኪሰምጥ ድረስ ቋሚዎቹ ሥራ ፈት ናቸው፤ ሸክሙ በሙሉ ኬኩ ላይ ነው። ሲሰምጥም በአራቱም ወገን እኩል አይሰምጥም። ቋሚው ሥራውን የሚጀምረው ኬኩ ካዘነበለ በኋላ ነው ማለት ነው።

ትክክለኛው አለካክ ይህ ነው። ኬኩ ፍሪጅ ውስጥ አድሮ ጠንክሮ እያለ አናቱ ላይ ውሃ ልክ አድርጉ። የትኛው ቦታ ከፍ እንደሚል ካወቃችሁ በኋላ ከፍተኛው ቦታ ላይ አንድ ቋሚ እስከ ታች ቦርዱ ድረስ ስደዱ፤ ቦርዱን ሲነካ እጅ ላይ ይታወቃል። ከኬኩ ገጽ ጋር እኩል የሆነበትን ቦታ በጥፍር ወይም በምግብ ቀለም ምልክት አድርጉና አውጡት። የቀሩት ሁሉ በዚህ በአንዱ ልክ ይቆረጡ። እያንዳንዱን በየቦታው እየለኩ መቁረጥ ትልቅ ስህተት ነው፤ ኬኩ ከተጋደለ ቋሚዎቹም ተጋድለው ይቆረጣሉ፣ ላይኛው ደርብም ተጋድሎ ይቆማል። በአንድ ልክ ሲቆረጡ ግን ዝቅ ባለው ወገን በኩል 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ብቅ ይላሉ፤ በቦርዱ ሥር የሚታየውን ክፍተት ክሬም ይደፍነዋል።

የእንጨት ዘንግ በመጋዝ ሲቆረጥ ጫፉ ቀጥ ያለ መሆን አለበት። በሰያፍ የተቆረጠ ጫፍ ቦርዱን በአንድ ነጥብ ብቻ ስለሚነካ ያዘማል። ከተቆረጠ በኋላ ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፣ በሙቅ ውሃ እጠቡ፣ አድርቁ። ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አቁሟቸውና ቦርድ ጫኑባቸው። ቦርዱ ከተንገዳገደ አንዱ አጥሯል፤ ኬኩ ውስጥ ከገባ በኋላ ከማወቅ እዚህ ማወቅ ይሻላል።

ላይኛው ደርብ ከመቀመጡ በፊት ቋሚዎቹ በተተከሉበት ክብ ላይ ከቦርዱ በ2 ሳንቲሜትር የጠበበ የመጋገሪያ ወረቀት ክብ አንጥፉ። ይህን ጽሑፉ ረስቶታል። ወረቀቱ ከሌለ ማታ ደርቡ ሲነሳ የታችኛውን ፎንዳንት ልጦ ይዞት ይሄዳል።

ዱቄት መጨመርና ፍሪዘር

ኬክ ይጠንክር ብሎ ዱቄት መጨመር ከመሠረቱ ያየነውን ስህተት መድገም ነው፤ ኬኩ የማይሸከም ከሆነ ለምን ይጠነክራል? እንግዳው የሚበላው ደረቅ ዳቦ ነው የሚሆነው። ኬኩ የሚሰምጥባቸው ሰዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ችግራቸው ሌላ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የምንጠቀምበት የምግብ አሠራር ደግሞ አብዛኛው ለባሕር ዳርቻ አገሮች የተጻፈ ነው። የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ቤኪንግ ፓውደሩ የሚያወጣው ጋዝ ከልክ በላይ ይነፋል፤ ኬኩ ሳይበስል ከፍ ይልና መሃሉ ይወድቃል፤ ያልወደቀውም በቀላሉ ይፈረፈራል። መፍትሔው ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ መቀነስ፣ ለአንድ ኩባያ ፈሳሽ ከ3 እስከ 4 የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ መጨመር፣ ከአንድ ኩባያ ስኳር ከ1 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ ማንሳትና የኦቨኑን ሙቀት ከ8 እስከ 14 ዲግሪ ከፍ ማድረግ ነው። እንቁላል የሌለው የጾም ኬክ ላይ ዱቄት የመጨመር ፈተናው ይበረታል፤ እሱንም ተውት። ቋሚው ይሸከምለታል።

ፍሪዘሩን በተመለከተ፣ ቅዝቃዜ ያስፈልጋል ማለታቸው ልክ ነው። ቦታው ግን ፍሪጅ ነው፤ 4 ዲግሪ ላይ አንድ ሌሊት። ከፍሪዘር የወጣ ኬክ ላይ ያለ ፎንዳንት ላብ ያወጣል፣ ይጣበቃል፣ ቀለሙ ይወርዳል። በዚያ ላይ የበረደው መሃል አዳራሽ ውስጥ ሲቀልጥ፣ ኬኩ ያኔ ነው ረግቶ ዝቅ የሚለው፤ እናንተ ቋሚዎቹን የለካችሁት በበረደበት ቁመት ነው። መርጋት ያለበት ከመሸፈኑ በፊት ነው፦ ንብርብሮቹ በክሬም ከተሞሉ በኋላ ቦርድና ግማሽ ኪሎ የሚሆን ነገር ተጭኖበት ጥቂት ሰዓት ይቆይ፣ ጎኑ ላይ የተገፋው ክሬም ይጠረግ፣ ከዚያ ይሸፈን። ሌሊት መብራት ቢጠፋ ፍሪጁን አትክፈቱት፤ ካልተከፈተ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል።

ጭን ላይ ስለሚጓዘው

የሰው ገላ 37 ዲግሪ ነው፤ ጭንም ተዳፋት ነው። ከዚህ በላይ ማለት አያስፈልግም። የመኪና ወንበርም ወደ ኋላ ያዘነበለ ስለሆነ ከጭን ብዙ አይሻልም። ኬክ የሚጓዘው በመኪናው ወለል ወይም በዕቃ መጫኛው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ፣ ሥሩ የማያንሸራትት ጎማ ምንጣፍ ተነጥፎ ነው። ሁለት ደርብ በመሃል ዘንግ ታስሮ፣ ከፍሪጅ ወጥቶ ወዲያው ቢጓዝ እሺ። ከሦስት ጀምሮ የታችኞቹ ሁለት ተደርበው፣ የቀሩት በየሳጥናቸው ሄደው አዳራሹ ውስጥ ይደረቡ፤ ኮብልስቶንና የፍጥነት ማብረጃ ጉብታ ለባለ ሦስት ደርብ አይራሩም። በዱባይ ወይም በጅዳ የበጋ ሙቀት የምትሠሩ ደግሞ ኬኩ ከመግባቱ በፊት መኪናውን በማቀዝቀዣ አቀዝቅዙት፤ ስትደርሱም ሳጥኑን ወዲያው አትክፈቱ፤ ላቡ ሳጥኑ ላይ ይቅር፣ ኬኩ ላይ እንዳይወርድ።

አቆራረጡ

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ቀላቅለዋል፦ ሙሽሮቹ ለፎቶ የሚቆርጡትንና እንግዳው የሚበላውን።

የሙሽሮቹ ከታች ደርብ መሆኑ ልክ ነው፤ ጥልቀቱ ላይ ነው ነገሩ። ባለ 25 ላይ ባለ 20 ሲደረብ ዳር ላይ የሚተርፈው 2.5 ሳንቲሜትር ነው። ቋሚዎቹ ከዚያ 2 ሳንቲሜትር ወደ ውስጥ ስላሉ ከውጭው ግድግዳ እስከ መጀመሪያው ቋሚ 4.5 ሳንቲሜትር አለ። ቢላው ከጎን 4 ሳንቲሜትር ብቻ ገብቶ ቀጥ ብሎ ይውረድ፣ ከዚያ በ3 ሳንቲሜትር ርቀት ሁለተኛው ይቆረጥ፤ ለመጎራረስ የሚበቃ ቁራሽ ይወጣል። ሪባን የታሰረበት ያ ረጅም ቢላ እስከ መሃል ሲነዳ ግን ዘንግ ይመታል፤ ሙሽራው ደግሞ ሰው እያየው ስለሆነ ይበልጥ ይጫናል። በሁለት ቋሚዎች መካከል ያለውን ቦታ በአበባ ምልክት አድርጋችሁ ለሚዜዎቹ ንገሯቸው። የጽጌረዳ ግንድ ግን በቀጥታ ኬክ ውስጥ አይሰካ፤ ለጌጥ የሚሸጥ አበባ የሚረጭበት መድኃኒት ለምግብ ታስቦ አይደለም። ግንዱን በምግብ ፕላስቲክ ጠቅልሉት።

ለእንግዳ የሚቆረጠው ከላይ ወደ ታች ነው፤ ተገላቢጦሹ አይሆንም። ከታች መቁረጥ ከጀመራችሁ ሰው እየኖረበት የቤቱን ግድግዳ እያፈረሳችሁ ነው። ኬኩ ወደ ኩሽና ይግባ። አበባና ሽቦ በሙሉ ይነሳ። የመሃሉ ዘንግ በፒንሳ ተይዞ ትንሽ እየተጠማዘዘ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይሳብ፤ ይህ ሳይወጣ ደርብ ለማንሳት መታገል ሁሉንም ይገለብጣል። ሰፊ ስፓቱላ በቦርዱና በታችኛው ኬክ መካከል ይግባና ዙሪያውን ይላቀቅ። ከዚያ ደርቡ በሁለት እጅ ከነቦርዱ ቀጥ ብሎ ይነሳ። በታችኛው ውስጥ ያሉት ቋሚዎች አንድ በአንድ እየተጠማዘዙ ወጥተው ይቆጠሩ። ቢላ የሚያርፍበት ቆጠራው ከሞላ በኋላ ነው።

ሦስት ማዕዘን አቆራረጥ ለልደት ኬክ የሚሆን ነው። 10 ሳንቲሜትር ቁመት ያለው ኬክ በሦስት ማዕዘን ሲቆረጥ ሹል ጫፉ ሳህን ላይ ሳይደርስ ይወድቃል፤ የአንዱ ድርሻ ከሌላው እጥፍ ይሆናል። በቀጥታ መስመር ቁረጡ፦ መጀመሪያ ከዳር እስከ ዳር 5 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ፤ እሱን በቦርድ ደግፋችሁ ገበታ ላይ አጋድሙት፤ ከዚያ በየ2.5 ሳንቲሜትሩ። ረጅምና ስስ ቢላ ያስፈልጋል፤ በየቁርጡ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነከርና ይጠረግ። ካልተጠረገ የቸኮሌቱ ክሬም ነጩን ያቆሽሸዋል። የጾም ኬክ ገና ቀዝቃዛ እያለ ቢቆረጥ አይበተንም።

አንድ ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው ነገር አለ። ቀኑን ሙሉ አዳራሽ ውስጥ የሚቆም ደርብ ውስጥ የወተት ክሬም ወይም ከስታርድ (ከወተትና ከእንቁላል የሚሠራ ክሬም) አይሞላ። እነዚህ ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለባቸውም፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ከ1 ሰዓት በላይ። ለሚቆም ደርብ የቅቤ ክሬም ወይም ሁለት እጅ ጥቁር ቸኮሌት ለአንድ እጅ ክሬም ሆኖ የተሠራ ጋናሽ ይሁን፤ የወተት ክሬም የሚወዱ ከሆነ ያ ኩሽና ፍሪጅ ውስጥ ለብቻው ይቀመጥ።

ኪሎ ወይስ ሳንቲሜትር

1 ኪሎ ለ10 ሰው ያሉት ከእውነት ብዙ አይርቅም፤ ሁለተኛው ግማሽ እውነት ይህ ነው። ከላይ ባልነው ልክ የተቆረጠ፣ ማለትም 2.5 በ5 በ10 ሳንቲሜትር የሆነ ቁራጭ ፎንዳንቱ ሳይቆጠር ከ75 እስከ 90 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከኪሎው 11 ወይም 13 ይወጣል። ኬክ ቤት በኪሎ ስለሚሸጥ ሰው በኪሎ ማሰቡ አያስገርምም። ለባለ ደርብ ኬክ ግን ኪሎ የትኛውን ደርብ በምን ስፋት እንደምትጋግሩ አይነግራችሁም፤ ፎንዳንቱና ጌጡም ሚዛን ላይ አብረው ይወጣሉ። በስፋት ቁጠሩ። አንድ ቁራጭ ከላይ ሲታይ 12.5 ካሬ ሳንቲሜትር ነው። የክቡን ስፋት ለዚህ ስታካፍሉት ባለ 15 ኬክ 14፣ ባለ 20 ኬክ 25፣ ባለ 25 ኬክ 39፣ ባለ 30 ኬክ 56 ቁራጭ ይሰጣል። 15፣ 20 እና 25 ሲደረቡ 78፤ 20፣ 25 እና 30 ሲደረቡ 120 ሰው። ዳር ላይ የሚበላሸው ስለማይጠፋ ከመቶ አምስት ቀንሱ።

አምስት መቶ እንግዳ ለሚጠራበት ሰርግ ይህ እንደማይበቃ ግልጽ ነው። አምስት ደርብ ከመከመር ይልቅ ለፎቶ የሚሆነውን ሁለት ወይም ሦስት ደርብ ብቻ አቁሙና የቀረውን በትልቅ አራት ማዕዘን ፓትራ ጋግራችሁ ኩሽና ውስጥ አስቆርጡ፤ 30 በ40 የሆነ ፓትራ በተመሳሳይ ልክ ሲቆረጥ 96 ቁራጭ ይወጣዋል። ቁመት ለማሳየት የፎም ደርብ፣ ማለትም ከማይበላ ቀላል ነገር የተሠራ የውሸት ደርብ፣ መጠቀምም ነውር አይደለም። ፎም ራሱ ስለሚሸከም ውስጡ ቋሚ አይፈልግም፤ ቀላል ስለሆነ ግን የመሃል ዘንግ ይፈልጋል። እውነተኛው ኬክ ታች፣ ፎሙ ላይ ይሁን። የተገላበጠ እንደሆነ አናቱ ከብዶት በትንሽ ግፊት ይወድቃል።

በመጨረሻ ኬኩን የሚቆርጠው ሰው ብዙ ጊዜ የሠራው ሰው አይደለም፤ የአዳራሹ አስተናጋጅ ነው። ከኬኩ ጋር አንድ ወረቀት ላኩለት። ከየደርቡ ስንት ቋሚ እንደሚወጣ፣ ከምን እንደተሠሩና የቱ ቀድሞ እንደሚነሳ ይጻፍበት። ለባለ 15፣ 20 እና 25 ኬክ እንዲህ ይሆናል፦ መጀመሪያ የመሃል ዘንግ 1፤ ከባለ 20ው ውስጥ 4፤ ከባለ 25ቱ ውስጥ 6፤ በድምሩ 11፤ ሁሉም እንጨት።